የተጎዳ ጉበት እንዲያገግም፦ ከምርመራው እስከ ማዕዱ፣ ደረጃ በደረጃ

ጉበትዎ ተጎድቷል የተባለ ሰው ከሐኪም ቤት እንደወጣ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ "ምን ብወስድበት ይሻለኛል?" የሚል ነው። መልስ የሚሰጥ አይጠፋም። ጎረቤት የግራዋ ጭማቂ ያዛል፣ ዘመድ ከገጠር የተቀጠቀጠ ሥር ይልካል፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ "ጉበት ያጸዳል" የሚል እሽግ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ሁሉም ከመቆርቆር የመጣ ነው። ብዙ ሕመምተኛ ውድ ጊዜውን የሚያጣው ግን እዚህ ላይ ነው።

የተጎዳን ጉበት ሁሉ የሚጠግን አንድ መድኃኒት የለም። ያለው ነገር ከዚያ የተሻለ ነው፤ ጉበት ራሱን የመተካት ችሎታ አለው። ከግማሽ በላይ ጉበቱን ለታመመ ዘመዱ የሰጠ ጤነኛ ሰው፣ የቀረው ጉበቱ በጥቂት ወራት ውስጥ አድጎ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይጠጋል። ጉበት ይህን ኃይሉን የሚያጣው የሚጎዳው ነገር ዓመት ከዓመት ሳይለቀው ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ በጤነኛው ሥጋ ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው ጉበቱን ሲያዳርሰው ሲሮሲስ ይባላል።

ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጉበቱን የጎዳውን መለየት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ የደረሰበትን መለካት፣ ከዚያ ጎጂውን ማስወገድ፣ ጉበቱ እስኪያገግም ደግሞ ሰውነትን መደገፍ። የሚከተሉት ደረጃዎች የሐኪምዎን ቦታ አይተኩም። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ምን እንደሚጠይቁና ቤት ሲመለሱ ምን እንደሚሠሩ ግን ያሳውቁዎታል።

ከሁሉ በፊት፦ ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየብዎ ንባቡን ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

• ደም ማስመለስ፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ
• መቀባዠር፣ ቀንና ሌሊት መምታታት፣ ሲቀሰቀሱ አለመንቃት
• ውሃ በቋጠረ ሆድ ላይ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም መጨመር
• ዓይን በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ትውከትና ከባድ ድካም ሲከተል
• የሽንት መጠን በጣም መቀነስ

ብዙ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ የወሰደ ሰው ምንም ሕመም ባይሰማውም እዚህ ውስጥ ይገባል። ማርከሻው፣ አሴቲልሲስቲን የሚባለው መድኃኒት፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ጉበትን ያድናል። የሕመሙ ምልክት እስኪመጣ መጠበቅ ይህን ዕድል ያባክናል።

ደረጃ 1፦ ጉበትዎን የጎዳውን በስሙ ይወቁ

በአማርኛ "የወፍ በሽታ" የምንለው የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ብዙ በሽታዎች የሚጋሩት ምልክት ነው። ቫይረስም፣ አልኮልም፣ መድኃኒትም፣ የሐሞት ጠጠርም ያመጡታል። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ "የጉበት ምርመራ" ብቻ ብለው አይለፉ፤ እነዚህን በየስማቸው ይጠይቁ።

• የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ የደም ምርመራ
• ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ፦ የጉበት ሴሎች እየተጎዱ መሆን አለመሆኑን ያሳያሉ
• ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን እና አይኤንአር፦ ጉበቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያሉ
• ሙሉ የደም ቆጠራ፣ በተለይ ፕላትሌት
• የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ
• የጉበት፣ የጣፊያና የሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድ

አንድ ነገር በደንብ ይያዙ። ኤኤልቲዎ ልኩ ላይ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ጉበትዎ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለዓመታት የጠባሰ ጉበት የሚሞት ሴል ስለሚያንሰው ይህ ቁጥር ወደ ልኩ ሊወርድ ይችላል። በተቃራኒው ፕላትሌት ከ150 ሺህ በታች መውረዱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው። ጠባሳው ደም እንዳያልፍ ሲገታ ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠው ጣፊያም ፕላትሌቱን ይዞ ያስቀራል።

ለሐኪሙ ምንም አይደብቁ። አረቄ ይሁን ቢራ፣ በቀን ስንት እንደሚጠጡ፣ ጫት ይቅሙ እንደሆነ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ፣ የባህል መድኃኒት ጠጥተው እንደሆነ፣ ከቤተሰብ በጉበት የሞተ እንዳለ፣ ልጅነትዎን በየትኛው ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር እንዳሳለፉ ይንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለጉበት ሕመምተኛ ቃል በቃል እውነት ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው የሚያውቁት ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ ለመሄድ ሲመረመሩ ወይም ደም ሲለግሱ ነው። ውጤቱ "አልፈዋል" ወይም "ወድቀዋል" በሚል ቃል ተነግሯቸው፣ ጉዞው ከቀረ በኋላ ስለ ጉበታቸው የሚጠይቅ ሳይኖር ይቀራል። እርስዎ ወይም ልጅዎ በዚህ መንገድ ውጤቱን አውቃችሁ ከሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። አሜሪካ ለምትኖሩ ደግሞ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 አዋቂ ሰው ሁሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንዲያደርግ መክሯል። ለመደበኛ ምርመራ ስትሄዱ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ጉዳቱ የት እንደደረሰ ይለኩ

ጉበቱ ስብ ብቻ የያዘ ሰውና ሲሮሲስ ላይ የደረሰ ሰው የሚሄዱበት መንገድ የተለያየ ነው። ጠባሳን ያለ መርፌ ከሚለኩት መሣሪያዎች የታወቀው ፋይብሮስካን ነው። በአቅራቢያዎ ከሌለ ግን በእጅዎ ካለው የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ሊሰላ የሚችል ግምት አለ። አፕሪ ይባላል፤ እንዲህ ይሠራል።

የእርስዎ ኤኤስቲ 80፣ ላብራቶሪው የጻፈው የኤኤስቲ ከፍተኛ ጤናማ ልክ 40፣ ፕላትሌትዎ ደግሞ 120 ሺህ ነው እንበል።

1. ኤኤስቲውን ለጤናማው ልክ ያካፍሉ፦ 80 ሲካፈል ለ40፣ 2 ይሆናል።
2. ውጤቱን በ100 ያባዙ፦ 200።
3. በሺህ ለተቆጠረው ፕላትሌት ያካፍሉ፦ 200 ሲካፈል ለ120፣ 1.67 ገደማ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ መሠረት ከ0.5 በላይ የሆነ ውጤት ጉልህ ጠባሳ፣ ከ1 በላይ የሆነው ደግሞ ሲሮሲስ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ቁጥሩ ግምት ነው። ጉበቱ በድንገት በተቆጣበት ሰሞን ኤኤስቲ በጣም ስለሚጨምር ሊያሳስት ይችላል። ቢሆንም 1.67 የያዘ ሰው "ምንም አላመመኝም" ብሎ ቀጠሮውን መተው የለበትም። ስሌቱን ለሐኪምዎ ያሳዩና ቀጣዩ ምርመራ ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ጎጂውን ያስወግዱ

ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ። ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ የሚያወጣ መድኃኒት ገና የለም፤ የሚያስተኛው ግን አለ። ቴኖፎቪር በቀን አንድ እንክብል የሚዋጥ ሲሆን፣ ኢንቴካቪር ሌላው አማራጭ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም። ሲሮሲስ ወይም ጉልህ ጠባሳ ያለበት፣ የቫይረሱ መጠን በሚሊ ሊትር ከ2000 ዩኒት በላይ ሆኖ ኤኤልቲው ከልክ ያለፈ፣ ኤችአይቪም አብሮ ያለበት፣ ወይም በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር ያለ ሰው ግን ሊጀምር ይገባል። መድኃኒት የማይጀምሩ ከሆነም ክትትሉ አይቋረጥም።

ተስፋ ለቆረጠ ሰው ይህን እነግረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ቴኖፎቪርን ለ5 ዓመት የወሰዱ ሰዎችን ጉበት በናሙና መርምሮ ነበር። ሲጀምሩ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች 71ዱ በ5ኛው ዓመት ሲሮሲሱ አልተገኘባቸውም። ጠባሳ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ለወሰዱት። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ቫይረሱን በአንድ ጊዜ ሊያስነሳውና ጉበቱን በሳምንታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ጸበል የሚገቡ ከሆነ እንክብሉን ይዘው ይግቡ። ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በኤችአይቪ ጊዜ አስተምራለች።

ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ። ይህ ይድናል። ሶፎስቡቪር እና ዳክላታስቪር በአንድነት በየቀኑ ለ12 ሳምንት ሲወሰዱ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ከቫይረሱ ነጻ ይሆናል። ሲሮሲስ ካለ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት ግን ሄፓታይተስ ቢ መመርመርዎን ያረጋግጡ፤ ሲ ሲወጣ ተደብቆ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላል።

አልኮል ከሆነ። "ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው" የሚለው መከላከያ አይሆንም። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። አራት ጠርሙስ ሲሆን ከ50 ግራም ያልፋል። ጠላና ጠጅ ቤት ውስጥ ስለተጠመቁ፣ አረቄም "ለሆድ ጥሩ ነው" ስለተባለ ለጉበት አይለወጡም። ለተጎዳ ጉበት ደህና የሚባል የአልኮል መጠን የለም። ደስ የሚለው፣ በአልኮል ምክንያት ጉበት ላይ የተከማቸ ስብ መጠጥ በተተወ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።

በየቀኑ ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው ግን ቤቱ ተዘግቶበት በአንድ ቀን አይቁም። ባቆመ በሁለት ቀን ውስጥ መንቀጥቀጥና እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ፣ ቀጥሎም ቅዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ይገድላል። በሐኪም ክትትል፣ ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠው ያቁም። ቤተሰብም ስድቡን ትቶ አብሮት ይቁም፤ ጠርሙሱን ከቤት ማውጣት የሁሉም ሥራ ነው።

ስብ የያዘ ጉበት ከሆነ። ከውፍረት፣ ከስኳርና ከመቀመጥ ጋር የሚመጣው ይህ በሽታ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም የኢትዮጵያውያንን ቤት እያንኳኳ ነው። ዋናው ሕክምና ክብደት መቀነስ ነው። ከክብደትዎ 5 በመቶ ሲቀንስ ስቡ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲቀንስ ቁጣውና ጠባሳውም መቀነስ ይጀምራል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ5.6 እስከ 8 ኪሎ መቀነስ አለበት ማለት ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ እየቀነሱ ይሂዱ፤ ራስን አስርቦ በጥድፊያ መክሳት ጉበቱን ያባብሳል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይራመዱ። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጭማቂ ያቁሙ፤ ስኳራቸው በቀጥታ ወደ ጉበት ስብነት ይቀየራል። በአሜሪካ ሬስሜቲሮም እ.ኤ.አ. በ2024፣ ሴማግሉታይድ ደግሞ በ2025 ለዚህ በሽታ ተፈቅደዋል። ሁለቱም ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር የሚወሰዱ ናቸው።

ቢልሃርዚያ ከሆነ። በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዙሪያ፣ እንዲሁም በብዙ ወንዞችና የመስኖ ቦዮች ዳር ያደገ ሰው ጣፊያው አብጦ ደም ካስመለሰ ይህ መጠርጠር አለበት። የትሉ እንቁላሎች ወደ ጉበት የሚገቡትን ደም ሥሮች ዙሪያ ያጠባስሷቸዋል። ፕራዚኳንቴል በሰውነት ክብደት ተሰልቶ ይሰጣል። ትሉን ይገድላል፤ የጠበበውን የደም መንገድ ግን ለብቻው መከታተል ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር አንድ የምንኮራበት ታሪክ ይነሳል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ እንደሚሞቱ ያረጋገጠው ምርምር ከዚያ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። የእንዶድ ኃይል ውሃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ መግደሉ ነው። ያው ኃይል ለሚጠጣው ሰው መርዝ ነውና እንዶድን ለጉበት ብለው አይጠጡ።

ምግብ ወይም ቅጠል ከሆነ። ሐረር ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ሄፓቶሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ጉበትዎ ተጎድቶ ከሆነ ጫት ያቁሙ። የሻገተ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና በርበሬ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይይዛሉ፤ ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ የጉበት ካንሰርን አደጋ ያባዛል። የሻገተውን ማጠብ ወይም መቁላት መርዙን አያጠፋውም። ይጣሉት። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ብዙ ቤተሰቦችን ሆድ ያሳበጠና የገደለ የጉበት በሽታ ሲጠና ተመራማሪዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ከእህል ጋር በተቀላቀለ መርዛማ አረም ላይ ነው። እህል መልቀምና ማበጠር የጉበት መከላከያም ነው።

ደረጃ 4፦ ወደ አፍዎ የሚገባውን መድኃኒት ሁሉ ይፈትሹ

የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ቫይታሚንና ቅጠል ሁሉ በአንድ ከረጢት ሰብስበው ለሐኪሙ ያሳዩ።

• ሲሮሲስ ካለብዎ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ። ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደምም ያፈሳሉ። ለወገብ ሕመም የሚወጋው መርፌ ብዙ ጊዜ ዳይክሎፌናክ ነውና ከመወጋትዎ በፊት ይጠይቁ።
• ፓራሲታሞል ለሕመም የተሻለው ነው። ሲሮሲስ ላለበት ሰው በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል አይለፍ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ደምረው ይቁጠሩ።
• የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየወሰዱ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ከጀመረዎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋሙ ይሂዱ። የትኛው እንደሚቆምና በምን እንደሚተካ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።
• የእንቅልፍ ክኒን በራስዎ አይውሰዱ። ሲሮሲስ ያለበትን ሰው ሊያደነዝዝና ራሱን ሊያስት ይችላል።
• ሲሊማሪን የተባለው ከእሾህ ተክል የሚወጣ እንክብል በብዛት ይሸጣል። ብዙም ባይጎዳም፣ በጥናቶች የሕመምተኛን ዕድሜ እንደሚያራዝም በግልጽ አልታየም። ገንዘብዎ ከተወሰነ ለቫይረስ ምርመራው ያውሉት።
• የብሳና፣ የግራዋና የሌሎች ቅጠሎች ጭማቂ መጠኑ አይታወቅም፤ ደካማ ጉበት ደግሞ የማይታወቅን ነገር የማጣሪያ አቅም የለውም። ጉበትዎ እስኪያገግም ይተውት።

ደረጃ 5፦ ማዕድዎን ያስተካክሉ

ጉበት የታመመ ሰው ሥጋና ጥራጥሬ ይተው የሚለው አሮጌ ምክር ብዙ ሰው አክስቷል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጡንቻው እየሟሸሸ ስለሚሄድ ከጤነኛው ይበልጥ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ በየኪሎው ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም በቀን። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ይሆናል። 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ያህል ይሰጣል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣና እርጎ በቀን ውስጥ ተከፋፍለው ይበሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ጉበትና ለብ ለብ ዱለት ግን ይቅሩ። ጉበት መብላት ጉበትን አይተካም፤ ጥሬው የሚያመጣው ኢንፌክሽን ደግሞ ሲሮሲስ ላለበት ሰው ከባድ ነው።

ከመኝታ በፊት ይብሉ። ጤነኛ ጉበት ለሌሊቱ የሚሆን ስኳር ያከማቻል፤ ሲሮሲስ ያለበት ጉበት ስለማይችል ሰውነት ጡንቻውን እየበላ ያድራል። አንድ ኩባያ አጥሚት ወይም በሶ ይህን ይከላከላል። በዚሁ ምክንያት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል አይስማማዎትም። ጾምዎን በምግቡ ዓይነት እየጠበቁ በሰዓቱ ግን እንዲያቀልልዎ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ሙስሊም ወገኖቼም፣ በረመዳን ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ ለእናንተም ነው።

ሆድዎ ውሃ ቋጥሮ ወይም እግርዎ አብጦ ከሆነ ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳያልፍ። ይህ ወጡ ውስጥ የገባውንም፣ ዳቦው ውስጥ ያለውንም ይጨምራል። በብዙ ቤት በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይገባል። ስለዚህ ወጡ ላይ ባይጨምሩም ጨው እየበሉ ነው። ለእርስዎ ያለ ጨው የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ ለብቻው ይቀመጥ። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ይስጡት። የሾርባ ኩብ ይቅር። "የጨው ምትክ" ተብሎ የሚሸጠው ፖታሲየም ስላለበት ለሆድ ውሃ የሚታዘዘውን ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው።

ቡናን በተመለከተ ዜናው መልካም ነው። በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ ቡና የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳና የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ ተገኝቶባቸዋል። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም በደስታ ይጠጡ፤ ስኳሩን ብቻ ይቀንሱ፣ እንደየአካባቢው ልማድ ጨው የሚጨምሩ ከሆነም ይተዉት።

ደረጃ 6፦ ሲሮሲስ ካለ በቤት ውስጥ የሚደረግ ክትትል

ለሆድ ውሃ። ስፓይሮኖላክቶንና ፍሮሴማይድ ታዘውልዎ ከሆነ አንድ ደብተር ይያዙ። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ተመዝነው ቀኑንና ኪሎውን ይጻፉ። እግርዎ ካላበጠ በቀን ከግማሽ ኪሎ፣ ካበጠ ደግሞ ከ1 ኪሎ በላይ መቀነስ ለኩላሊት ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ለሐኪም ይደውሉ። ክብደቱ በየቀኑ ከጨመረም ይደውሉ። ውሃው በመርፌ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ ከሆነ አልቡሚን መሰጠት አለበት፤ መዘጋጀቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

ለአእምሮ መደንዘዝ። ጉበት ያላጣራው መርዝ አንጎል ሲደርስ መጀመሪያ የሚዛባው እንቅልፍ ነው። ሕመምተኛው በየማታው በዚያው ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጻፍ። ጽሑፉ ከትናንቱ ከተንሻፈፈ ወይም ቀኑ ከጠፋበት ቤተሰቡ ይህን እንደ ማስጠንቀቂያ ይውሰደው። የታዘዘለት ላክቱሎዝ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲያስወጣው ተደርጎ ይስተካከል። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽንና የተደበቀ መድማት ዋናዎቹ አስነሺዎች ናቸው።

ለመድማት። የጉበቱ ጠባሳ ደሙን ሲያግደው በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያሉ ደም ሥሮች ያብጣሉ። ኢንዶስኮፒ መቼ እንደሚያስፈልግዎ ይጠይቁ። ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ግፊቱን ይቀንሳል፤ ያበጡትን ደም ሥሮች በላስቲክ ማሰርም ይቻላል። ይህ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት ሲደረግ ነው ዋጋው።

ለካንሰር ክትትል። በየ6 ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ ይነሱ። ትንሽ ሆኖ የተገኘ ዕጢ ሊወገድ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ቤተሰብዎን ይጠብቁ

ሄፓታይተስ ቢ ካለብዎ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ወንድም እህቶችዎ ይመርመሩ። ነጻ የሆኑት በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ሦስት ጊዜ ይከተቡ። ቫይረሱ በጉርሻ፣ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ አይዋሱ። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምትና ንቅሳት ባልተቀቀለ ስለት ሲደረጉ በሽታውን ያዛምታሉ። ሕመምተኛን ከማዕድ ማራቅ በሽታውን አያርቅም፤ ሰውየው እንዲደበቅና ሕክምናውን እንዲተው ብቻ ያደርጋል።

ነፍሰ ጡር እናት ቫይረሱ ካለባት ከ28ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቴኖፎቪር እንዲሰጣት መጠየቅ ትችላለች። ሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት። በ6ኛው ሳምንት የሚጀምረው መደበኛ ክትባት ለዚህ ልጅ ዘግይቷል፤ ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት የት እንደሚገኝ ከመውለድ በፊት ተጠይቆ ይታወቅ።

ደረጃ 8፦ ንቅለ ተከላ መቼ ይታሰባል?

ሆድ ውሃ መቋጠር፣ ደም ማስመለስ፣ መቀባዠር ወይም የማይለቅ ቢጫነት ከመጣ በኋላ ጎጂው ተወግዶም ጉበቱ ካላገገመ ስለ ንቅለ ተከላ መነጋገር ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ ብዙ ቤተሰቦች ለዚህ ወደ ሕንድ ያቀናሉ። ወጪው ከባድ ነው፤ በሕይወት ያለ ለጋሽ ዘመድም ይፈልጋል። ቤት ከመሸጥዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያግኙ፦ የሐኪምዎን የሕመም ታሪክ ማስረጃ፣ ለጋሹ የሚስማማ ስለመሆኑ የመጀመሪያ ምርመራ፣ እና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱት መድኃኒቶች በአገር ውስጥ ስለ መገኘታቸው ማረጋገጫ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አዲሱ ጉበት የሚኖረው ግን በእነዚያ መድኃኒቶች ነው።

በዚህ ሳምንት የሚጀምሩት

ዛሬ አልኮልና ያልታወቀ ቅጠል ያቁሙ፤ በየቀኑ ብዙ ይጠጡ ከነበረ ግን አልኮሉን በሐኪም ክትትል። ነገ የቆዩ የላብራቶሪ ወረቀቶችዎን በቀን ቅደም ተከተል አስረው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በከረጢት ይዘው ቀጠሮ ይያዙ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳይጠይቁ አይውጡ፦ ጉበቴን የጎዳው ምንድን ነው? ጠባሳው የት ደርሷል? ጎጂውን ለማስወገድ ምን እናደርጋለን? የሚቀጥለው ምርመራዬ መቼ ነው? መልሶቹን በደብተርዎ ላይ በእጅዎ ይጻፉ። አራቱም መልስ ያገኙለት ሕመምተኛ ሕክምናውን ጀምሯል።